ላልታወቀ ጥፋት ሽምግልና

«እማዬ፣ ወላጅ አምጪ ተብያለሁ» አለችኝ ልጄ፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ።

«ምን አጥፍተሽ?»

«እኔ እንጃ።»

በኛ ጊዜ ወላጅ አምጣ የተባለ ልጅ ወይ መስኮት ሰብሯል ወይ ሰው ፈንክቷል። የኔዋ ገና ሁለተኛ ክፍል ናት። ከአዲስ አበባ ወጥተን ዓለም ገና ቤት ከተከራየን መንፈቅ አልሞላንም። ቢያባርሩብኝስ? በዓመቱ አጋማሽ ማን ይቀበላታል? ልብስ ማጠብ ጀመርኩ፣ ተውኩት። ሽንኩርት ከትፌ ድስቱን መጣድ ረሳሁ። በመጨረሻ አከራዬ ዘንድ ሄድኩ። ሰፈሩ ሁሉ ኦቦ የሚላቸው፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ገበሬ ናቸው።

«ትምህርት ቤት ሄደው ሽማግሌ ይሁኑኝ» አልኳቸው።

«ምን ሠራች?»

«አልታወቀም።»

«እንግዲያውስ ይቅርታውን እናብዛዋ!» ብለው ጋቢያቸውን ደረቡ።

ባጃጅ ውስጥ ጉልበቴ አላርፍ ሲለኝ አይተው፣ «ተይ አንቺ፣ የባጃጁ መንቀጥቀጥ ይበቃናል» አሉኝ።

መምህርቷ ክፍሏ ውስጥ ተቀበለችን፤ ወጣት ናት። ገና አፏን ሳትከፍት ኦቦ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «አካም ጅርቱ፣ መምህርት! ልጅ ናትና አጥፍታለች፤ ለሽበቴ ሲሉ ይማሯት» አሉ። እኔም አብሬ ጎንበስ አልኩ።

«ኧረ አባባ፣ ይቀመጡ በፈጣሪ! ምንም አላጠፋችም» አለች ደንግጣ። ወደ እኔ ዞረች። «ከመጣች ጀምሮ ክፍል ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እንዲህ ከቀጠለች ዓመቱን እንዳትደግም ሰጋሁ። ቤት እንዴት ናት ብዬ ልጠይቅዎት ነው።»

«ቤትማ አፏ መቼ ይዘጋል! ተረት ስነግራት ከአፌ ነጥቃ የምትጨርሰው እሷ ናት።»

«እስቲ እዚህ መጥተው ይንገሯት፤ ልጆቹም ይስሙ።»

«እኔ? ፊደል ከአሮጌ ጋዜጣ የለቀምኩ፣ ክፍል ገብቼ የማላውቅ?»

«ታዲያ ዛሬ ገባሽ አይደል?» አሉ ኦቦ።

ዓርብ ጠዋት ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። «ተረት ተረት» ስል «የላም በረት» ብለው ቤቱን አናጉት። ጅቡ የፍየሏን በር ሲያንኳኳ ደረስኩና ከፍርሃቴ የተነሣ ቀጣዩ ጥፍት አለብኝ። «ከዚያስ? ከዚያስ?» ይላሉ። መዳፌን ቀሚሴ ላይ ጠረግሁ። ልጄ ጠረጴዛዋን እያየች ነው።

«ረሳሁት» አልኩ።

ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ከኋላ ወንበር ቀጭን ድምፅ መጣ።

«እማዬ ደግሞ! በሩን አልከፈተችለትም እኮ።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። መልሳ ዝም እንዳትል ፈርቼ እግሬን እንኳ ማንቀሳቀስ አቃተኝ።

«ከዚያስ?» አልኳት።