ከቀፎዬ ሥር ማን መነጠረ

ታኅሣሥ ላይ ነው። ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ ከሰፈራችን በላይ ያለውን ሸንተረር ያዝኩ። ከዚያ አናት ላይ አንድ ዋንዛ አለ፤ ሁለት የቀርከሃ ቀፎ ሰቅዬበታለሁ። ጉልበቴን ታምሜ ከክረምት ወዲህ አላየኋቸውም። ልጄ በር ላይ ቆማ፣

«አባባ፣ ብቻዎን አይሂዱ። ጊዜው እንደ ድሮው አይደለም» አለች።

«ሰው አስከትዬ ቀፎዬን ላሳይ?»

«የእርስዎን ቀፎ የማያውቅ አለ እንዴ?»

«እሱ ነው ያስነሣኝ» ብያት ወጣሁ።

መንገዱ ጠባብ ነው። በግራ የአሶሳ ቆርቆሮ ከሩቅ ያብረቀርቃል፣ በቀኝ ቀርከሃው ነው፣ ከሱ ወዲያ የአገሬው ሰዎች፣ የበርታዎቹ መንደር። ሣሩ ደርቆ ከራሴ በላይ ሆኗል። ጥቂት እንደሄድኩ የበረባሶ ኮቴ አየሁ። አዲስ ነው፤ ጤዛው ላይ ያረፈ። መንገድ ነው፣ ሰው ያልፍበታል አልኩ። ግን ኮቴው እኔ በምታጠፍበት ታጠፈ፣ እኔ በምወጣበት ወጣ። ቆም እያልኩ አዳመጥኩ። ወፍ ብቻ ነው።

ዋንዛው ዘንድ ስደርስ ቀፎዎቹ እንዳሉ ናቸው። ከሥራቸው ግን ሣሩ ታጭዶ፣ አፈሩ ተፍቆ፣ ዙሪያውን አሥር እርምጃ ያህል ባዶ ሆኗል። ማሩን ወስዶት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ማር የወሰደ ይሄዳል። የመነጠረ ግን ሊቀመጥ ነው። እኛ ከወሎ በደርግ መኪና ተጭነን ስንመጣ መሬት የያዝነው በመመንጠር ነው፤ ያን ጊዜ እኔም ማንንም አልጠየቅኩም። ስለዚህ ነገሩ ገባኝ። ሰውዬው ዛፌን ሊይዝ ነው።

የታጨደው ሣር ዳር ላይ ተከምሯል። በክንዴ እያቀፍኩ መልሼ በተመነጠረው ላይ በተንኩት። ሥራውን ላፈርስበት። ጉልበቴ እየተንቋቋ ፀሐይ ከፍ እስክትል ለፋሁ፣ ከዚያ ቁጭ ብዬ የያዝኩትን ቆሎ ቆረጠምኩ። ደስ ብሎኛል።

ጭስ ሸተተኝ። ከታች ከቁልቁለቱ ነው። በዚህ ወቅት ሁሉም ደረቁን ሣር ያቃጥላል፤ ስንት ዓመት ያየሁት ነገር ነው፣ በየዓመቱም ከቀፎዬ ሥር የምመነጥረው እኔ ነበርኩ። ሌባ ሳስብ እሳቱን ረሳሁት። ነፋሱም ወደ ላይ ይገፋዋል።

አንድ ሰው ቅጠል የያዘ ቅርንጫፍ አንጠልጥሎ እየሮጠ መጣ። ከወዲያኛው መንደር ነው፤ በርታ ነው፣ በገበያ በመልክ አውቀዋለሁ። እግሩ ላይ በረባሶ አለ።

«ይሄ ሣር ማን መለሰ?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«ዛፉን ልትይዝብኝ ነው ብዬ።»

አየኝ። «አባ፣ አሁን ጥረግ። በኋላ ትጣላለህ።»

ጠረግን። እሱ በላይ በኩል፣ እኔ በታች በኩል። የኔ በኩል ቶሎ አላለቀም። እሳቱ በኔ በኩል ዘሎ ገባ፣ ዝቅ ብሎ የተሰቀለው ቀፎ የተጠቀለለበት ሣር ተያያዘ። ሰውዬው በቅርንጫፉ ቢመታው ቢመታው አልሆነም፤ ንቦቹ ወጥተው ሄዱ። የላይኛው ተረፈ።

እሳቱ ሲያልፍ ሁለታችንም ተነድፈን ተቀመጥን።

«ሳትነግረኝ ለምን መነጠርክ?» አልኩት።

«ሦስት ገበያ ጠበቅሁ። የለህም። ሰዎች ሞተ አለ።»

«ከሞትኩማ ዛፉ ያንተ ነው።»

ሳቀ። ከዚያ ወደ ጎን ያለውን ዛፍ በጣቱ አሳየኝ። ከቅጠሉ መሐል አዲስ ቀፎ ተሰቅሏል። «ያ የኔ ነው። ያንተ ዛፍ ከነደደ እሳት ወደ እሱ ይሄዳል። ለራሴ ነው የመነጠርኩት።»

እዚህ ላይ ልቤ አረፈ። ለኔ ብሎ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ እጠረጥረው ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት። ለልጄም እንዲህ ብያት አላውቅም። ከተረፈው ቀፎ ማር ስቆርጥ ዕቃ ይዞ እንዲመጣ፣ እኩል እንደምንካፈል ነገርኩት። እሺ አለ። ማሩ እስኪደርስ ግን በየሳምንቱ ወጥቼ አየዋለሁ። እሱም እንደሚወጣ ኮቴው ይነግረኛል።