ለታደሰ ያልሰጠሁት መድኃኒት

ከዲላ የወጣሁት እሑድ ረፋድ፣ ሰው ሁሉ ቸርች ሳለ ነው። ሌባ ሆኜ አይደለም፤ የሰው ዓይን ሰልችቶኝ ነው እንጂ። ባሌ ታደሰ፣ ከፍስሐ ገነት ቡና የሚጭን ሹፌር፣ በኤድስ ከሞተ ዓመት ሆኖት ነበር። ያኔ ስሙን የሚጠራው የለም፤ «ያ በሽታ» ነው የሚባለው። ስድስት ዓመት አብሬው ተኝቻለሁ፣ አስታምሜዋለሁ። ሦስት ጊዜ ተመረመርኩ፤ ሦስቴም ነጻ። እናንተዬ፣ እንኳን ደስ ያለሽ የሚለኝ ሰው ጠፋ!

አማቴ ውጤቱን የሰሙ ዕለት ከኮንጋ ድረስ መጡ።

«የመድኃኒት ሥር አለሽ» አሉኝ። «ራስሽ ጠጥተሽ ለልጄ ነፈግሽው።»

«ኧረ እማማ፣ ምን ሥር አለኝ!» ብልስ ማን ሰምቶኝ።

በአይሱዙ ሞያሌ ደረስኩ፤ ድንበሩን በእግሬ ተሻግሬ ናይሮቢ ገባሁ። ብርዱ የዲላን ክረምት ይመስላል። ኡጋሊ የሚሉት ገንፎ ግን ጨው እንኳ የለው፤ ቆጮ እያሰብኩ ነው የምውጠው። አከራዬ አማርኛ የሚያውቅ የሞያሌ ሰው ነው።

«ባልሽስ?» አለኝ ገና በሩን ሳይከፍት።

«ሞተ።»

«በምን?»

«በመኪና።»

«እንግዲያው ግቢ፤ መኪና አይጋባም።»

ሳል ይዞኝ ክሊኒክ ሄድኩና የታደሰን ነገር ለሐኪሟ በአስተርጓሚ አወጣሁላት። መረመረችኝ፤ አሁንም ነጻ! እሷ ግን አላፈጠጠችብኝም።

«እንዳንቺ ያሉ ሴቶች አሉ» አለች። «ቫይረሱ ደጋግሞ ደጃቸው ደርሶ የማይገባባቸው። የሰውነታቸው መከላከያ ይሆናል፤ ለምን እንደሆነ ገና አናውቅም። ለነገ ግን ዋስትና አይሆንሽም፣ ተጠንቀቂ።»

አለቀስኩ። ለምርምር ደም ስጪን ስትለኝም እሺ አልኩ።

«አገርሽ ምን ትበዪ ነበር?»

«ቆጮ።»

ጻፈችው! ቆጮ ቢያድን ኖሮ ጌዴኦ አገር ማን ይሞት ነበር?

በሳምንቱ ቀጠሮ አስይዤ አማቴን ዲላ ቴሌ አስጠራኋቸው። የሐኪሟን ቃል ሸምድጄዋለሁ። እንዲያምኑኝ ብቻ ነበር የምፈልገው።

«እማማ፣ እዚህ አንዲት ሐኪም...»

«ልጄ» ብለው አቋረጡኝ። ድምፃቸው ልስልስ ብሏል። «ይቅር ብዬሻለሁ። ባልና ሚስት ናችሁ፣ ተቀያይማችሁ ይሆናል፣ እኔ ምን አውቃለሁ። ብቻ ታናሹ ወርቁም እንደ ወንድሙ መክሳት ጀምሯል። ለእሱ እንኳ ሥሩን ላኪለት።»

የለኝም ልል አፌን ከፈትኩ። ልጄ ብለውኝ አያውቁም ነበር።

«እሺ እማማ» አልኩ።

«በማን እጅ ትልኪዋለሽ?» አሉኝ።