ሌላ ትርጉም የሌለው ቃል

መምህር ስማቸው ደሴ ውስጥ ለሠላሳ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ አንድ ልማዳቸውን አልተዉም። ቃል በትርጉሙ ብቻ አያልፍም። ከየት እንደመጣ፣ ከማን እንደተወለደ፣ በስንት አገር ዞሮ እንደደረሰ ሳይናገሩ ሰሌዳ አያጠፉም። ደወሉ ሊደወል ሁለት ደቂቃ ሲቀረው መምህር ስማቸው ገና ሮም ናቸው እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር። በጦርነቱ ጊዜ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሲዘረፍ መዝገበ ቃላቱም አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የቃላቱን ዘር የሚቆጥሩት ከራሳቸው አውጥተው ነው።

መጋቢት ውስጥ አንድ ረቡዕ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለ ቡና ዋጋ የሚያወራ ምንባብ ሲያነቡ «ፕላሜት» የሚል ቃል ገጠማቸው። ከፊት የተቀመጠች ልጅ «አሽቆለቆለ» ማለት ነው አለች። አይደለም አሏት። ማሽቆልቆል መኪና ከሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ እንደሚወርደው ነው፤ እየዞረ፣ ፍሬን እየያዘ። ይሄኛው መታጠፊያ የለውም። ከላይ የተለቀቀ ነገር ቀጥ ብሎ ሲምዘገዘግ ነው። የገበያ ዋጋ፣ የአየሩ ሙቀት፣ ክንፉን የተመታ ወፍ እንዲህ ይወርዳሉ፤ ቀስ እያለ ለሚቀንስ ነገር ግን እንዳትጠቀሙበት አሉ። ደግሞ ድሮ ግስ አልነበረም፣ የዕቃ ስም ነበር። ሮማውያን እርሳስን ፕሉምቡም ይሉታል። ፈረንሳዮች ከዚያ ወስደው በገመድ ለምትንጠለጠል ትንሽ የእርሳስ ድብልብል ስም አወጡ፣ እንግሊዞችም ከእነሱ ተቀበሉ። መርከበኛ የባሕሩን ጥልቀት ይለካባታል፣ ግንበኛ ደግሞ ቱንቢ ብሎ ግድግዳውን ያቀናባታል።

እርሳስ ሲሉ ከኋላ የተቀመጡት የሚጽፉበትን እርሳስ ከፍ አድርገው አሳዩዋቸውና ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እሳቸውም ሳቁ። ባለፈው ዓመት ከመቶ ሰማንያ አራት ተፈታኝ ሁለት ብቻ ካለፉ ወዲህ በዚያ ክፍል ሳቅ ሰምተው አያውቁም። ደስ ብሏቸው፣ ነገ ቱንቢውን ራሱን አሳያችኋለሁ ብለው ቃል ገቡ።

ከትምህርት ቤት ሲወጡ ሰኞ ገበያ አጠገብ ፎቅ ወደሚሠራበት ቦታ ጎራ አሉ። ግንበኛው በሺር የሚባል የሐርቡ ሰው ነው። ነገሩን ሲሰማ ፈገግ አለና፣ ቱንቢው ዛሬ ብረት ነው እንጂ እርሳስ አይደለም፤ ደግሞ ያለ እሱ ግድግዳ አላቆምም አላቸው። ጥቂት አሰበና «አብሽሩ ጋሼ» አለ። «ነገ ምሳ ሰዓት ላይ ልጅቷ ታመጣልዎታለች፣ ሲጨርሱ ይዛው ትመለስ።»

ልጅቷ ባዶ የሲሚንቶ ባልዲ ይዛ በመወጣጫው ላይ ትወርድ ነበር። ፊቷን በሻሽ ሸፍናለች። ባልዲውን አስቀምጣ ሻሿን ዝቅ ስታደርግ ጽናት ሆነች። ካስተማሯቸው ሁሉ እሷ ብቻ የቃል ዘር እየጠየቀች ከክፍል እስከ በር ትከተላቸው የነበረች፣ ከገራዶ በየቀኑ የምትመላለስ ልጅ። ከሁለት ዓመት በፊት ስትፈተን ዩኒቨርሲቲ ገባች ብለው ገምተው ነበር፤ አጣርተው ግን አልጠየቁም። «ደህና ነዎት ቲቸር?» አለቻቸው፣ እጇን ለመጨበጥ ሳትዘረጋ፤ እጇ በሲሚንቶ ነጭ ሆኖ ነበር።

በማግስቱ በሰዓቱ መጣች። ታጥባ፣ ጫማ ለውጣ። ቱንቢውን በክሩ አንጠልጥላ ከሰሌዳው ፊት ቆመች፤ ወዝወዝ ብሎ እስኪረጋ ጠበቀችና ግድግዳው በእሱ እንዴት እንደሚታይ አስረዳች። የክፍሉ ግድግዳ ወደ ውጭ ማዘንበሉንም አሳየቻቸው። መምህር ስማቸው ኮርተው፣ ይህቺ ልጅ በዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠች ጎበዝ ተማሪዬ ነበረች አሉ።

አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ለማሾፍ አልነበረም፣ ማወቅ ፈልጎ ነው። «በእንግሊዝኛ ስንት አመጣሽ?»

«ሰማንያ አንድ።»

«ከዚያስ?»

«በድምሩ ለማለፍ ዘጠኝ ነጥብ ጎደለኝ። ደግሜ ተፈተንኩ፣ አሥራ አራት ጎደለኝ።»

የጠየቃት ልጅ እጁን አወረደ። ቱንቢውን በክሩ ጠቅልላ፣ አመስግና ወጣች። መምህር ስማቸው ወደ ምንባቡ ቢመለሱም የሚከተላቸው አልነበረም። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ወንበር ባዶ ሆነ፣ ከፋሲካ በኋላ አሥራ አንድ። ያን ቀን ለልጆቹ ያሳየኋቸው ቱንቢውን አልነበረም ብለው ለባለቤታቸው ለባይነሽ ነገሯት። ባይነሽ፣ ባታሳያቸውም ያውቁታል አለቻቸው።

ከፋሲካ በኋላ በአንድ እሑድ ከጸሎት ቤት ሲመለሱ ጽናት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጣ አገኟት። ስስ የላስቲክ አቃፊ ታቅፋለች። ባይነሽ ሻይ አቀረበችላት። ልጅቷ ዐረብ አገር ለቤት ሥራ ልትሄድ ነው፤ በአቃፊው ያለው የቅጥር ውል ነው፣ በእንግሊዝኛ። መምህር ስማቸው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ሁለተኛ አነበቡት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እዚህ ላይ የሚለው እኮ ብለው ሊያስረዱ ጀመሩ።

«ገብቶኛል ቲቸር» አለች ቀስ ብላ። «እርስዎ አይደሉ ያስተማሩኝ። ሁሉም ገብቶኛል።»

«ታዲያ ምን ላድርግልሽ?»

ጣቷን አራተኛው ቁጥር ላይ አደረገች። አሠሪው የሠራተኛዋን ፓስፖርትና ስልክ «ሪቴይን» ያደርጋል ይላል። «ቃል ሌላም ትርጉም ሊኖረው ይችላል ይሉን ነበር። ይሄኛው ካለው ብዬ ነው።»

መምህር ስማቸው መስመሩን እንደገና አነበቡ። ቃሉን ያውቁታል፣ ይዞ ማስቀረት ነው፤ ዘሩንም ያውቁታል። ወደ ኋላ አጥብቆ መያዝ ነው፣ ከትርጉሙ ዘሩ ይብሳል። ያን አልነገሯትም። «የለውም» አሏት።

ራሷን ነቀነቀች፤ የምታውቀውን መልስ የሰማች ሰው አነቃነቅ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ብትፈተኚስ አሏት። «ሦስተኛ ጊዜ ብወድቅስ?» አለች። ሻይዋን ጨርሳ፣ ባይነሽን አመስግና ሄደች። ግንቦት ላይ በሺርን መንገድ ላይ ሲያገኙት፣ ጉልበት ያላት ልጅ ነበረች፣ ሄዳለች አላቸው።

በመስከረም ውጤት መጣ። ከመምህር ስማቸው ክፍል አንድም አላለፈም፤ ከትምህርት ቤቱም አንድም። ወረቀቱን ሊወስዱ የመጡት ስምንት ልጆች ብቻ ነበሩ። የአዲሱ ዓመት ምዝገባ ሲያልቅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሁለቱ ክፍሎች ወደ አንድ ተጠቃለሉና እሳቸውን ዘጠነኛ ክፍል መደቧቸው። አልተከራከሩም።

የጽናት እናት ወይዘሮ አልጣሽ ሰኞ ሰኞ ከገራዶ ለገበያ ስትወጣ በትምህርት ቤቱ በር በኩል ታልፋለች። ልጄ ወሬ ልካ ይሆን ብላ ትጠይቃቸዋለች። ጽናት ከደረሰች በኋላ አንድ ጊዜ ደውላ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ስልኳ አልሠራም። መምህር ስማቸው በውሉ ላይ ባዩት አድራሻ ሁለት ደብዳቤ ጻፉ። መልስ የለም። የላካት ደላላም ቤቱን ቀይሯል ተባለ። ስለዚህ በየሰኞው፣ እስካሁን ምንም የለም እትዬ ይሏታል፣ እሷም እግዜር ይስጥልኝ ብላ ትሄዳለች።

ኅዳር ላይ ብቻዋን አልመጣችም። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት ታናሺቱ ሰርካዲስ አብራት ነበረች። ትምህርቱን ከአሥራ አንደኛ ክፍል ትታዋለች። ወይዘሮ አልጣሽ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ይቺም የጉዞ ወረቀቷን ጀምራለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትንሽ እንግሊዝኛ ቢያስለምዱልኝ አለች። «ቋንቋ ያላትን አይመቷትም ይላሉ።»

መምህር ስማቸው ጽናት ቋንቋ ነበራት ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። እናቲቱ ዓይን ዓይናቸውን ታያለች። ቅዳሜ ትምጣ አሉ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ «አሞኛል» እና «ሐኪም እፈልጋለሁ» ነበር። ሰርካዲስ ምላሷ ይያዛል፣ ግን ታገለች። በሁለተኛው ቅዳሜ ወንበር ላይ ሳትቀመጥ፣ ወደ ቤቴ መሄድ እፈልጋለሁ የሚለው እንዴት ይባላል አለቻቸው። ሰሌዳው ላይ ጻፉላት። ረዘመባት። ከሁለት ከፈሏትና እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ እሳቸው እያሉ፣ እሷ እየተከተለች፣ ደጋገሙት።