ስለ ልጄ አረቄ ወደ መካነ ኢየሱስ

2011 ዓ.ም. ነው፤ በጋ፣ ገብሱ ከአውድማ ከገባ በኋላ። ልጄ እናኑ መካነ ኢየሱስ ከተማ አረቄ እያወጣች ትሸጣለች። ቀበሌው «ወይ ፈቃድ አውጪ፣ ወይ ዝጊ» ብሎ ቀን እንደቆረጠላት ሰማሁ። እንድትዘጋው ልለምናት ከንፋስ መውጫ ተነሣሁ። አባቷን የወሰደብኝ አረቄ ነው።

በማለዳ ወደ ደብረ ታቦር በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። የጉና ብርድ በመስኮቱ ይገባል። መገንጠያው ላይ ወርጄ ሌላ መኪና እስኪመጣ ከአንዲት ሴት የተቀቀለ ባቄላ ገዝቼ በላሁ። ከዚያ በኋላ መንገዱ አቧራ ብቻ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከቀትር በፊት ደረስሁ።

እናኑ ቤት

እናኑ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

«ተይው ልጄ» አልኋት።

«ትቼውስ በምን ልደር፣ እማዬ?»

ይህን ስትል የቀበሌው ሰዎች ገቡ፤ ሽማግሌው አያ ደሴና አንድ የታሪክ መምህር።

«መከልከል ነው የሚበጀው» አሉ አያ ደሴ ገና ሳይቀመጡ።

«አሜሪካኖችም በሕገ መንግሥታቸው ከልክለውት ነበር» አለ መምህሩ። «ለቅዳሴና ለሕክምና ካልሆነ በቀር። ሰው ግን ሌሊት ጫካ ገብቶ በጨረቃ ብርሃን አወጣው። ስንቱ መርዝ ጠጥቶ ዓይኑ ጠፋ። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው ሕጉን ሻሩት፤ ፈቃድና ሥርዓት አበጁለት።»

«የነሱ ከምን ይወጣል?» አለች እናኑ።

«ውስኪያቸው? በቆሎ ይበዛዋል። የሚያቆዩበትን በርሜልም ውስጡን በእሳት ያጠቁሩታል።»

«እኛስ ጋኑን እናጥን የለ!»

«እንግዲያ ከእኛ ከእስቴ ሰው ተምረው ይሆናላ!» ብለው አያ ደሴ ሳቁ። ወዲያው ግን አሰብ አድርገው ወደ መምህሩ ዞሩ። «እውነትህን ነው፤ የተደበቀውን ማን ቀምሶ ይሰጣል? ነይ ቅጂ፤ አንቺው ቅመሺልኝ።»

በአገራችን የቀዳ ሰው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ መጠጥ አይሰጥም። እናኑ ሆዷን ይዛ ቆመች። ሐኪም ከልክሏታል።

«ያልተቀመሰ አልጠጣም፤ የፈቃድ ወረቀቱንም አልፈርምም» አሉ አያ ደሴ።

ዝም ብል ቤቱ ይዘጋል፤ የመጣሁበትም ይፈጸማል። ልጄን አየኋት። አልለመነችኝም።

አባቷ ከተቀበረ ወዲህ አረቄ አፌ አልገባም። አማትቤ ጠርሙሱን ተቀበልኋትና በመዳፌ ጠብ አድርጌ ቀመስሁ። አቃጠለኝ፤ ግን ንጹሕ ነበር።

«አሁን ይስጡኝ፣ እመት» አሉና ጠጥተው ፈረሙ። ለሰከረ እንዳትጨምር፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንድትዘጋ አስማሏት።

መመለስ

በሦስተኛው ቀን በሰላም ቤቴ ገባሁ። አረቄን ዛሬም እፈራዋለሁ። በሥውር ከሚጠጣ ግን ሰው ፊት ተቀምሶ ቢቀዳ እንደሚሻል ተማርሁ። ልጄን በጤና ላሳየኝ ምስጋና ይድረሰው።

በማግሥቱ ማለዳ ኪዳን አድርሼ ገበያ ወረድሁ፤ ያልሻገተ ጌሾ መርጬ ለእናኑ በመኪና ላክሁላት።