ስሪያላታ በማታራ መንገድ ላይ

ስሪያላታ አስጎብኚ የሆነችው ባሏ ከሞተ በኋላ ነው። ሰውየው አናጺ ነበር፤ አረቄ የቀመሰ ቀን እጁ የገባውን አንስቶ ይደበድባት ነበር። ዓሣ አጥማጆች ሬሳውን ከባሕር ሲያወጡት እንባ አልወጣትም። ከዚያ ወዲያ ማይክሮፎን ጨብጣ በባሕሩ ዳር የሚያልፈውን የማታራን መንገድ ለጎብኚ የምታሳይ ሴት ሆነች፤ ሳቂታ፣ ተረበኛ፣ ተሳፋሪ የሚወዳት።

አንድ ቀን ያሳፈረችው ከተራራው አገር የወረዱ ጡረተኛ መምህራንን ነው። ግማሾቹ ባሕር አይተው አያውቁም። የዌሊጋማን ከተማ አልፈው የኮኮናት ዛፍ ወደ ውሃው ያጎነበሰበት ቦታ ሲደርሱ፣ ሽማግሎቹ ጠግበው ይዩት ብላ ሹፌሩን ፒያዳሳን ቀስ እንዲል ነገረችው። ከኋላ የመጣው የሕዝብ አውቶቡስ ግን ትዕግሥት አልነበረውም። ተሽቀዳድሞ ሲያልፍ የእነሱን መስተዋት ገንጥሎ ሄደና ፊታቸው ተገትሮ መንገዱን ዘጋ።

የአውቶቡሱ ረዳት የክሪክ ብረት ይዞ ወረደ። ፒያዳሳን ከመሪው ላይ ጎትቶ አስፋልቱ ላይ ጣለው። የመጀመሪያው ምት ትከሻውን፣ ሁለተኛው ጥርሱን አገኘው። መምህራኑ ተንጫጩ፤ የሚወርድ ግን ጠፋ።

ስሪያላታ ወረደች።

"ተወው፣ ወንድሜ። የተሰበረው የኛ መስተዋት ነው።"

"አንቺን ማን ጠራሽ? ግቢና ወሬሽን አውሪ፣ አሮጊት።"

"አወራለሁ። መጀመሪያ እሱን ልቀቀው።"

ብረቱ ወደ እሷ ዞረ። በክንዷ ስትመክት አጥንቷ ቀጭ ሲል ሰማችው። ድምፁን ታውቀዋለች፤ ባሏም በጊዜው ሰብሯት ነበር። ያኔ ጥግ ይዛ ተኮራምታ ነበር የቀረችው። አሁን ግን በደህናው እጇ፣ ጎማ እንዳይንሸራተት የሚደገፍበትን የእንጨት ታኮ ከበሩ ሥር መዝዛ ጉልበቱን አለችው። ሲንበረከክ ፊቱን መታችው። ብረቱ ከእጁ ወድቋል፤ መውደቁንም አይታለች። ቢሆንም ደገመችው። ፒያዳሳ ደም በሞላው አፉ፣ ቀሚሷን ይዞ፣ "ይበቃል እትዬ፣ ትገድዪዋለሽ" ባይላት ኖሮ አታቆምም ነበር።

ረዳቱ አንድ ዓይኑን አጣ። መምህራኑ ፍርድ ቤት ቀርበው ራሷን ስትከላከል ነው ብለው መሰከሩላት። ዳኛው እሷን ሲጠይቋት ግን አልዋሸችም።

"የመጨረሻው ምት ለሱ አልነበረም፣ ጌታዬ" አለች።

በገደብ ለቀቋት፤ የአስጎብኚነት ፈቃዷን ግን ነጠቋት። ዛሬ ሚሪሳ ገበያ ዓሣ ትቆርጣለች። ክንዷ ተጣሞ ስለገጠመ ቢላዋ የምትይዘው በግራዋ ነው፤ ደንበኛ መተረቡን ግን አልተወችም።

በዝናቡ ወራት አንድ ጠዋት ረዳቱ እናቱን አስከትሎ መጣ። እናትየው ስሪያላታን አላወቀቻትም፤ ከትኩሱ ስጪኝ እያለች ትጨቀጭቃታለች። እሱ አወቃት። ስሪያላታ የተሻለውን ዓሣ መርጣ መቁረጥ ጀመረች። እሱም ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ፣ እስክትጨርስ ጠበቀ።