የተገለበጡት ወፎች

ጣሪያው አፍስሶ ያበላሸውን የመኝታ ቤት ግድግዳ እንዳድስ የጠሩኝ ሽማግሌ፣ ቤት ውስጥም ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ይንጎራደዳሉ። የድሮውን የግድግዳ ወረቀት የሚመስል፣ ወፎች በየስንዝሩ የሚደጋገሙበት ጥቅል ሦስት ወር ፈልገው አግኝተዋል። የዚህ ሥራ ነፍሱ ማገጣጠም ነው፤ በአንዱ ቁራጭ ላይ ያለው የወፍ ክንፍ ከጎኑ ካለው ቁራጭ ጋር ጥፍር ታህል ከተዛነፈ ዓይን ይወጋል። በቱንቢ እየለካሁ ሁለቱን እንደለጠፍኩ፦

«ሦስተኛውን ገልብጠህ ለጥፍልኝ» አሉኝ።

«ምን ነካዎት አባባ? ወፎቹ በጭንቅላታቸው ሊተከሉ እኮ ነው! ያየ ሰው ‹ጠጥቶ ነው የሠራው› ይለኛል።»

«ይበልህ። የድሮውን የለጠፍነው እኔና ባለቤቴ ነን። ሦስተኛውን የገለበጠችው እሷ ናት። ዓምና እስክትሞት ድረስ፣ አርባ ዓመት ሙሉ እዚህ አልጋ ላይ ተጋድሜ ስቄባታለሁ።» መነጽራቸውን በኮታቸው ጫፍ ጠረጉ።

ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ገለበጥኩት። ስጨርስ የአልጋውን ግማሽ ባዶ ትተው ጋደም አሉና ወፎቹን አዩ።

«ቆይ፣ አትሂድ» አሉኝ፤ «ሳቁ አሁን ይመጣል።»

መሰላሌን ይዤ ቆምኩ። አልመጣም።