ኮሌጃችን የገባው ጉንፋን

ጅጅጋ ላይ ብርዱ ሲጀምር ነፋሱ አቧራውን ይዞ ስለሚመጣ በየክፍሉ መስኮት ይዘጋል። ከኮሮናው በኋላ በአንዱ ዓመት፣ ከማስተምርበት የመምህራን ኮሌጅ ከባድ ጉንፋን ገባ። መጀመሪያ የሴቶቹን ማደሪያ ያዘ፤ ብዙም ሳይቆይ ክፍሎቹ ሁሉ ሳል በሳል ሆኑ።

ቢሮ የምጋራቸው የሒሳብ መምህር የሽንሌ ሰው ነበሩ። ጡረታቸው የደረሰ፣ አስም ያለባቸው፣ ተማሪው ሁሉ በሶማሊኛ «ማዓሊን»፣ መምህር፣ እያለ የሚጠራቸው ነበሩ። በመምህራን ስብሰባ ላይ እጃቸውን አወጡ።

«ያመመው ተማሪ ማደሪያው ይተኛ፤ ቀሪ አይባል። ፈተናውን ሲሻለው እንስጠው» አሉ።

ዲኑ ፈገግ አለ። «መምህር፣ ያሰቡት ለተማሪው ነው ወይስ ለደረትዎ?»

ቤቱ ሳቀ። እኔ ደግፌያቸው ስናገር አጠገቤ የተቀመጠው ባልደረባዬ «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነርስ ሆንሽ?» አለኝ። እንደገና ተሳቀ። ውሳኔው አጭር ነበር፦ የቀረ ይቀጣል፣ መምህርም ቢሆን።

በማግስቱ ማዓሊን ተማሪዎቻቸውን ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ፣ አራርቀው አስቀመጧቸው። ሰሌዳ ስለሌለ በቃላቸው ያስረዱ ጀመር። ዲኑ ሰምቶ መጣና በልጆቹ ፊት «ይሄ የግመል ገበያ አይደለም፤ ክፍልዎ ይግቡ» አላቸው። ማዓሊን ገቡ። ተማሪዎቹም እየሳሉ ተከተሏቸው።

ሳምንት ሳይሞላ፣ የፈተናውን ወረቀት አርመው ሳይጨርሱ ታመሙ። ልጠይቃቸው ስሄድ ሚስታቸው በትራስ ደግፈው አስቀምጠዋቸው አገኘኋቸው፤ ትንፋሻቸው ያፏጫል።

«ክፍሌን ማን ያዘልኝ?» አሉኝ።

«ሰው ገብቷል፣ አያስቡ» አልኳቸው። ማንም አልገባም፤ ዲኑ ቀሪ ብሎ መዝግቧቸው ነበር።

በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ኦክስጅን ተደረገላቸው፣ ግን አልቆዩም። ከመግሪብ ሶላት በፊት ተቀበሩ። ዲኑ ቀብር አልመጣም። ሰው የበዛበት ቦታ በዚህ ጉንፋን ያሰጋል ብሎ እንደቀረ ሰማን።

በማግስቱ ሰበሰበን። «አላህ ይዘንላቸው» አለና ትንፋሽ ሳይወስድ «የሒሳቡን ክፍል ማን ይይዛል?» ሲል ጠየቀ።

መርዶውን ለተማሪዎቹ እንድነግር እኔ ተላክሁ። ስጨርስ ፊት ያለችው ልጅ በሻሿ ፊቷን ሸፈነች። መሐል ላይ የተቀመጠ ተማሪ ግን እጁን አወጣ።

«መምህርት፣ የፈተና ውጤታችንን አስገብተውልን ነበር?»

«አስገብተዋል» አልኩትና ወጣሁ።